የእናቴን መርሳት አይኗ ውስጥ ስፈልግ

እማዬ ጅማ፣ ሄርማታ መርካቶ ውስጥ ከሠላሳ ዓመት በላይ ቅመም ሸጣለች። ኮረሪማ፣ ጥምዝ፣ ዝንጅብል፣ እርድ። ሚዛን ላይ ከማስቀመጧ በፊት በእጇ መዝና "ይቺ ሩብ አትሞላም" የምትል ሴት ናት፣ ብዙ ጊዜም አትሳሳትም። ሒሳቡ ሁሉ በቃሏ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ግን መቶ ብር ለሰጣት ደንበኛ የሁለት መቶ ብር መልስ ሰጠችው። ሰውየው ጨዋ ስለሆነ ስቆ መለሰላት። እኛም ሳቅን። ከሳምንት በኋላ ቤት ቡና አፍልታ፣ አቦል ቶና በረካ ጠጥተን ጨርሰን፣ ስኒው ታጥቦ ሳያልቅ እንደገና ቡና ማጠብ ጀመረች። "ምነው እማዬ?" አልኳት። "ምን ምነው ትላለህ፣ እስካሁን ቡና አልጠጣችሁም እኮ" አለችኝ። ያኔ ማንም አልሳቀም።

ይሄን የምጽፈው ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ሙሉ የተሳሳተ ቦታ ስለፈለግኩ ነው። ቤታችሁ የሚረሳ ሰው ካለ ምናልባት ሰባቱን ወር ታተርፉ ይሆናል።

እኔ ሥራዬ አይን ነው። ኦፕቶሜትሪስት ነኝ፣ እዚሁ ጅማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ። መነጽር አዛለሁ፣ የአይን ግፊት እለካለሁ፣ የስኳር ሕመምተኞችን ሬቲና፣ ማለትም ከአይን ጀርባ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ፎቶ አነሳለሁ። እማዬም ስኳር ስላለባት በየዓመቱ ጠብታ ጨምሬ፣ አገጯን ማሽኑ ላይ አስደግፌ አነሳታለሁ። ስለዚህ የአምስት ዓመት የአይኗ ፎቶ ኮምፒውተሬ ውስጥ ተቀምጧል። ችግሬ እዚህ ጋ ጀመረ። ማንበብ እወዳለሁ፣ ማንበብ የሚወድ ሰው ደግሞ ያነበበውን በሽታ ሁሉ ዘመዱ ላይ ያገኘዋል።

ሬቲና የአንጎል ቁራጭ ነው። ለማሳመር ብዬ አይደለም፣ ጽንሱ ማህፀን ውስጥ ሲሠራ ከአንጎሉ ግራና ቀኝ እንደ ቡቃያ ብቅ ብሎ የሚወጣው ነገር ነው ሬቲና የሚሆነው። የአይን ነርቭም ቢሆን እጅና እግር ላይ እንዳለው ነርቭ አይደለም፣ የራሱ የአንጎል ሽቦ ነው። እና ይሄ የአንጎል ቁራጭ ከፊቱ ያለው ነገር ሁሉ ብርሃን የሚያሳልፍ ነው። ራስ ቅል ሳይከፈት፣ ጨረር ሳይነካው በብርሃን ብቻ ልታየው ትችላለህ። በፈረንጆቹ 1986 (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ተመራማሪዎች በአልዛይመር፣ በዋነኛው የመርሳት በሽታ፣ የሞቱ ሰዎችን የአይን ነርቭ ከፍተው ሲያዩ ብዙ ክሮች ረግፈው አገኙ። በ1991 ደግሞ ኦሲቲ የሚባለው መሣሪያ ተፈጠረ። እንደ አልትራሳውንድ ነው፣ ግን በድምፅ ፈንታ ብርሃን ይልክና የሚመለሰውን እያነበበ የሬቲናን ንብርብሮች አንድ በአንድ ይለካል። ከዚያ በኋላ ብዙ ጥናቶች የአልዛይመር ሕመምተኞች የነርቭ ክር ንብርብር በአማካይ ከጤነኞቹ ይሳሳል ብለው ጻፉ።

በአማካይ። ይቺን ቃል ያኔ ዘልያት አለፍኩ።

አንድ ማታ የአምስቱን ዓመት ፎቶ ደርድሬ ቁጭ አልኩ። የደም ሥሮቿ ቀጥነው ታዩኝ። ዳር ላይ ያሉ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ደግሞ "ይሄ ነገር ያ ነገር ይሆን እንዴ?" አስባሉኝ። ያ ነገር ያልኩት አሚሎይድ ነው። አልዛይመር ላይ አንጎል ውስጥ የሚጠራቀም፣ ቅርጹ የተበላሸ ፕሮቲን ነው፣ መጠራቀም የሚጀምረውም ሰውየው መርሳት ከመጀመሩ አስራ አምስት ሃያ ዓመት በፊት ነው። ቀድሞ የማወቅ ሩጫው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ሰው ሲረሳ ያያችሁት ቀን በሽታው የጀመረበት ቀን አይደለም።

ሎስ አንጀለስ ለምትኖረው እህቴ ደወልኩ። ማስተዛዘን ነበር የጠበቅኩት፣ እሷ ግን ይባስ አጣደፈችኝ። እዚያው እነሱ ከተማ ሲዳርስ ሳይናይ የሚባለው ሕክምና ማዕከል ውስጥ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ሰው ከእርድ የሚወጣ ነገር እንዲጠጣ አድርገው አይኑን ፎቶ ሲያነሱ አሚሎይዱ ያበራል አለችኝ። አልዋሸችም። ኩርኩሚን ነው፣ እርድን ቢጫ የሚያደርገው ንጥረ ነገር። በ2011 አይጥ ላይ እና ከሞቱ ሰዎች በተወሰደ ሬቲና ላይ አሳዩት፣ በ2017 ደግሞ በሕይወት ባሉ ጥቂት ሰዎች ላይ ሞክረው ውጤቱን አሳተሙ።

ታዲያ በማግስቱ ቤታችን እርድ በወተት መፍላት ጀመረ። እህቴ በቪዲዮ እያዘዘች፣ ሚስቴ እያፈላች፣ እኔ ዝም ብዬ እያየሁ። ማወቅ የነበረብኝ ሰው እኔ ነበርኩ እኮ። እማዬ ሁለት ቀን ጠጣች። በሦስተኛው ቀን ኩባያውን ገፋችውና "ዕድሜ ልኬን ለአልጫ የሸጥኩትን ነው ዛሬ መድኃኒት ነው የምትሉኝ? ይሄ ቢያድን ኖሮ መርካቶ ውስጥ የሚታመም ሰው አይኖርም ነበር" አለች። ከሁላችንም የተሻለ መልስ ነበር።

እርዱ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም እዚህ ከተማ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ኩርኩሚኑ እዚያ ጥናት ላይ የገባው እንደ መድኃኒት አይደለም። እንደ ቀለም ነው። አሚሎይድ ማለት ፕሮቲኖች ተነባብረው፣ ተጣብቀው የሠሩት ረጅም ክር ነው። ስፌት አስቡ፣ አለላው በአለላ ላይ ሲዞር በመካከሉ ቀጭን መስመር ይፈጠራል አይደል? አሚሎይዱም እንደዚያ ጠባብ ቦይ አለው። ጠፍጣፋ የሆኑ ትናንሽ ሞለኪዩሎች እዚያ ቦይ ውስጥ ሾልከው ይገባሉ። ከነዚህ ቀለሞች ብዙዎቹ፣ ለምሳሌ ቲዮፍላቪን የሚባለው፣ ፈሳሽ ውስጥ ሲንሳፈፉ ዝም ብለው ይወዛወዛሉ እንጂ አያበሩም። ቦዩ ውስጥ ገብተው መላወሻ ሲያጡ ነው የሚያበሩት። ኬሚስቶቹ የሚደክሙበት ነገር ይሄ ነው፦ ጤነኛውን ትቶ የታመመውን ብቻ የሚይዝ፣ ሲይዝ የሚያበራ፣ የማይመርዝ፣ ደምና አንጎልን የሚለየውን አጥር ማለፍ የሚችል ትንሽ ሞለኪዩል መሥራት። የተመራማሪዎቹ ኩርኩሚንም ሚስቴ ወተት ላይ የበተነችው ዓይነት አይደለም። ተራው እርድ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው በጣም ጥቂት ስለሆነ እነሱ የተጠቀሙት በደንብ እንዲገባ ተብሎ በልዩ ሁኔታ የተዘጋጀውን ነው። እንግዲህ እርድ ጠጥቶ እኔ ክሊኒክ መጥቶ "አንሳኝ" የሚል ሰው ገንዘቡን ብቻ ነው የሚያወጣው። ካሜራዬ ያንን ብርሃን ለመለየት አልተሠራም። በእንክብል የሚሸጠውን ደግሞ ዝም ብላችሁ ለሽማግሌ አትስጡ፣ የደም ማቅጠኛ ከሚወስድ ሰው ጋር አይስማማም፣ ጉበት የጎዳበት ጊዜም አለ።

ተመራማሪዎቹም ቢሆኑ ሁሉም አልተስማሙም። ሌሎች ላቦራቶሪዎች በአልዛይመር የሞቱ ሰዎችን ሬቲና መርምረው አንጎል ውስጥ እንዳለው ዓይነት የአሚሎይድ ክምር አላገኘንም ብለዋል። አንድ ምክንያት ሊሆን የሚችለው የት ቦታ ቆርጠው እንዳዩና በምን ቀለም እንዳዩ መለያየቱ ነው። ሌላው ደግሞ ሥራዬ ስለሆነ በደንብ የሚገባኝ ነው፦ ሽማግሌ አይን በራሱ ያበራል። ሊፖፈስሲን የሚባል የሴል ቆሻሻ በዕድሜ ብዛት ሬቲናው ሥር ይጠራቀማል፣ ብርሃን ሲመታው ቢጫ ብርቱካናማ ሆኖ ይመልሳል። የአይን ሌንሱም ሲያረጅ እንደዚያው ነው። ሞራ ካለ ደግሞ ፎቶው ራሱ በጭጋግ ውስጥ የተነሳ ይመስላል። በዚህ ሁሉ መሀል ከፀጉር ውፍረት ያነሰች ነጥብ "እኔ አሚሎይድ ነኝ" ብላ እንድትታወቅ መጠበቅ ቀላል አይደለም። ለዚህ ነው ቀለም ጨርሶ ሳይጠጣ፣ ሬቲናው የሚመልሰውን ብርሃን ወደ ብዙ የቀለም መስመሮች ከፋፍሎ ልዩነት የሚፈልግ ካሜራ ላይ የሚሠሩም ያሉት። በ2019 የወጣው ሥራቸው ተስፋ ይሰጣል። እሱም ግን ገና የምርምር መሣሪያ ነው።

እኔ ግን ያኔ ተስፋውን ብቻ ነበር ያነበብኩት። እማዬን ይዤ አዲስ አበባ ሄድኩ፣ ኦሲቲ ላሠራት። ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግቤ በረሃ ላይ ሙቀቱ አደከማት፣ ወልቂጤ ስንደርስ "የት ነው የምንሄደው?" ብላ ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀችኝ። ምርመራው ራሱ አምስት ደቂቃ አይሞላም። የውጤቱ ወረቀት ላይ አረንጓዴ ማለት ደህና ነው፣ ቢጫ ማለት ጥርጣሬ፣ ቀይ ማለት ማሽኑ ከሚያውቃቸው በዕድሜ እኩያ ጤነኞች ከመቶ አንዱ እንኳን እንደዚህ አይሳሳም ማለት ነው። የእማዬ ከላይም ከታችም ቀይ ነበር።

ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ወረቀቱን ይዤ አለቀስኩ። "ቀድሜ ያወቅኩት" ሐዘን ነበር የመሰለኝ።

ከዚያ የሬቲና ሐኪሟ ጠራችን። ፎቶውን አየች፣ ወረቀቱን አየች፣ ዞር ብላ "ግፊቷን መቼ ነው የለካሃት?" አለችኝ። ዝም አልኩ። የሰው ሁሉ የአይን ግፊት በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ የምለካ ሰውዬ የእናቴን ግፊት ከለካሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። እዚያው ተለካ፣ 27። ከ21 በላይ ሲሆን እንጠራጠራለን። ሐኪሟ ጣቷን የአይን ነርቩ ጫፍ ላይ አድርጋ መሀል ላይ ያለው ጎድጓዳ ምን ያህል እንደሰፋ አሳየችኝ። አምስት ዓመት ሙሉ ፎቶው ላይ ነበር። እኔ ዳር ዳሩን ነጠብጣብ ስፈልግ መሀሉን አላየሁትም። ግላኮማ ነበር፣ ብዙ ጊዜ ከአይን ግፊት ጋር የአይን ነርቭን ቀስ በቀስ የሚያጠፋው በሽታ።

ይሄ ነው እንግዲህ ዋናው ነገር። የነርቭ ክር ንብርብር በአልዛይመር ይሳሳል፣ በግላኮማም ይሳሳል፣ ስኳርም ያሳሳዋል፣ ዕድሜም፣ አርቆ የማያይ አይንም ቀጭን ሆኖ ይነበባል። ማሽኑ የሚለካው ውፍረት ነው፣ የበሽታ ስም አይደለም። የሺህ ሰው አማካይ ሲወሰድ ልዩነት ይታያል፣ አንድ ሰው ለብቻው ቁጭ ሲል ግን ከወረቀቱ ተነስታችሁ "አልዛይመር ነው" ወይም "አይደለም" ማለት አትችሉም። ዛሬ በአይን ፎቶ ብቻ አልዛይመር እናውቃለን የሚላችሁ ሰው ካለ፣ ማሽኑ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ፣ ብር አትክፈሉት። ግላኮማውን ግን አግኝተነዋል። የጠፋው እይታ አይመለስም፣ የቀረውን ግን ማታ ማታ በምትጨመር አንዲት ጠብታ መጠበቅ ይቻላል። ስለዚህ ጉዞው በከንቱ አልነበረም፣ የሄድኩበት ምክንያት ነው የተሳሳተው።

ሐኪሟ የነገረችኝ ሌላው ነገር እስከዛሬ ይገርመኛል። እማዬ ሁለቱም አይኗ ላይ ሞራ እየበሰለ ነበር። ሞራ ሌንሱን ቢጫ ያደርገዋል፣ በቢጫ ሌንስ ደግሞ ሰማያዊና ሐምራዊ ቀለም ለመለየት ያስቸግራል። አሁን የመቶ ብሩንና የሁለት መቶ ብሩን ኖት ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። የተሳሳተው መልስ ገሚሱ የመርሳት አልነበረም፣ የማየት ነበር።

ቡናው ግን የማየት አይደለም። ስለዚህ ጅማ ተመልሰን መጀመሪያ መሄድ የነበረብን ቦታ ሄድን፣ የውስጥ ደዌ ሐኪም ጋ። እባካችሁ ስትሄዱ ሰውየው የሚወስደውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ሰብስባችሁ ውሰዱ፣ ስሙን በቃል መናገር ዋጋ የለውም። ሐኪሙ ፌስታሉን ጠረጴዛ ላይ ገልብጦ የስኳር መድኃኒቷን፣ ሜትፎርሚኑን፣ አነሳና "ስንት ዓመት ሆናት?" አለ። ከአስር ዓመት በላይ። ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ሊያሳንስ ይችላል፣ ቢ12 ሲያንስ ደግሞ ሰው ይረሳል፣ ይደክማል፣ እግሩ ይደነዝዛል። እግሯ እንደሚደነዝዛት ያወቅነው ያኔ ነው፣ ማንም ጠይቋት አያውቅም። የታይሮይድ፣ የደም ማነስ፣ የኩላሊት፣ የቂጥኝና የኤችአይቪ ምርመራም ታዘዘ። ለእናትህ ቂጥኝ ይመርመር ሲባል ትንሽ ያሳፍራል፣ ግን ሊታከሙ የሚችሉ የመርሳት ምክንያቶች ናቸውና አትዝለሉት። ስለ ድብርትም ጠየቀን። አባቴ ከሞተ ሦስት ዓመቱ ነበር፣ እማዬ ከሰው መሀል እየራቀች እንደነበር እኛ ቤት የታወቀው ዘግይቶ ነው። ቢ12ቷ ዝቅተኛ ነበር።

የማስታወስ ፈተናውም የራሱ ታሪክ አለው። በወረቀት የሚሰጠው የተለመደው ጥያቄ ሰዓት ስላችሁ አስራ አንዱን ከአስር አሳዩ ይላል። እማዬ አራተኛ ክፍል ነው ያቆመችው፣ እርሳስ ከያዘች ዘመን የላትም፣ ሰዓት የምትቆጥረውም በእኛ ነው። "ዛሬ ቀኑ ስንት ነው እማማ?" ሲላት "ነገ ሚካኤል ነው" አለች። ሐኪሙ ጎበዝ ስለነበር ስልኩን አይቶ ሳቀ፣ ልክ ነበረች፣ 11 ነበር። ከዚያ ጥያቄውን ወደ ገበያ አመጣው፣ አንድ ኪሎ ኮረሪማ በስንት ትሸጫለሽ፣ ሩብ ብገዛና ሁለት መቶ ብሰጥሽስ? እዚያ ላይ ተደናቀፈች። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ መጀመሪያ የነገራትን አምስት ነገር ሲጠይቃት አንዱን ብቻ አስታወሰች፣ ለምን እንደመጣችም ጠየቀችው። ማንበብ የማይችል ወላጅ ካላችሁ ሐኪሙ ወረቀት ብቻ እንዳያይ እናንተ ንገሩት፣ ድሮ የሚችለውን ዛሬ ግን ያቃተውን ነገር ጽፋችሁ ሂዱ። ከማናቸውም ማሽን የበለጠ የረዳው የእኛ ዝርዝር ነው ብሎናል።

የቢ12 መርፌ ተጀመረ፣ የቀኝ አይኗ ሞራ ተነሳ። ከሦስት ወር በኋላ እግሯ ተሻለው፣ ወሬ መጫወት ጀመረች፣ ብር መለየት ላይ በጣም ተሻሻለች። መርሳቱ ግን ሙሉ በሙሉ አልሄደም። ሐኪሙ "የመርሳት በሽታ ጅማሬ ሊሆን ይችላል፣ በየስድስት ወሩ እንያት" አለን። ጎረቤት ጸበል ውሰዷት አለን፣ ወሰድናት፣ መድኃኒቷን ሳታቋርጥ።

እህቴ አሁንም ታነባለች፣ አሁንም ትልካለች። እንዳትሳሳቱ፣ የምትልከው ውሸት አይደለም። አንጎል ውስጥ ያለውን አሚሎይድ በሕይወት ባለ ሰው ላይ ማየት በ2004 ከታተመው ሥራ ጀምሮ ይቻላል፣ ጨረር በሚሰጥ ሞለኪዩል፣ ፔት በሚባል ማሽን። የመጀመሪያው ሞለኪዩል ላይ ያለው ካርቦን 11 በሃያ ደቂቃ ውስጥ ግማሹ ስለሚጠፋ የሚሠራበት ሳይክሎትሮን የሚባል ማሽን እዚያው ግቢ ውስጥ መኖር አለበት። በኋላ የመጣው ፍሎሪን 18 ወደ ሁለት ሰዓት ይጠጋል፣ እሱም ቢሆን ለጅማ ሰው ሩቅ ነው። በ2025 ግንቦት ደግሞ አሜሪካ ምልክት ላላቸው 55 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የደም ምርመራ ፈቅዳለች፣ ታው የሚባለውን ሌላውን ፕሮቲንና አሚሎይድን አነጻጽሮ የሚለካ። ከሁሉም ይሄኛው ነው ተስፋ የሚሰጠኝ፣ ደም በብልቃጥ ይጓዛልና። የአይኑ ነገርም እኔ ሙያዬ ስለሆነ ልቤ እዚያው ነው። ካሜራ በየከተማው አለ፣ የስኳር ሕመምተኛ በየዓመቱ ይመጣል፣ አንድ ቀን የሚታመን ቀለም ወይም የሚታመን ካሜራ ቢገኝ እንደኛ ላለ ቦታ ከእሱ የሚቀርብ የለም። ሰው ሲረሳ ከማየታችን አስር ዓመት በፊት።

እስከዚያው እኔ ክሊኒክ ውስጥ አንድ ነገር ቀይሬያለሁ። ሽማግሌ ይዞ የሚመጣ ልጅ "መነጽር ይሠራላት፣ ብር አልለይ ብላለች" ሲለኝ ሞራውንና ግፊቱን አይቼ እንዲሁ አልሸኘውም። ቡና ታፈላለች ወይ፣ መንገድ ይጠፋታል ወይ፣ አንድ ጥያቄ ስንት ጊዜ ትጠይቃለች፣ ምን መድኃኒት ትወስዳለች እላለሁ። ተቃራኒውም አለ፣ "እናታችን ጃጅታለች" ብለው ያመጧት ሴትዮ የማትሰማና የማታይ ብቻ ሆና አግኝቻታለሁ። ያልታከመ የማየትና የመስማት ችግር ራሱ ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡ ነገሮች መሀል መቆጠሩን ላንሴት የሚባለው የሕክምና መጽሔት ኮሚሽን በ2024 ጽፏል። ጠብታ ተጨምሮለት የሚወጣ ሽማግሌ ደግሞ ለብቻው ባጃጅ ላይ አታስቀምጡ፣ አይኑ ለሰዓታት ይጭበረበርበታል።

እማዬ ሱቁን አልተወችም። የሌላዋ እህቴ ልጅ አጠገቧ ቁጭ ብሎ መልሱን ይቆጥራል፣ እሷ ትመዝናለች። እጇ አሁንም አይሳሳትም። ባለፈው ሳምንት የዓመቱን ፎቶ ላነሳት ክሊኒክ አመጣኋት። መጀመሪያ ግፊቷን ለካሁ፣ 16። አገጯን ማሽኑ ላይ ስታስደግፍ "ይሄን ነገር ከዚህ በፊት አድርገንዋል እንዴ?" አለችኝ።

"ስድስተኛችን ነው እማዬ።"

"ታዲያ ምን አገኘህ?" አለችና አይኗን ሳትነቅል መብራቱን ማየት ቀጠለች።